አራት ደቂቃ በባትሪ

ሟቹ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በግራ ጎኑ ተጋድሟል። ራስጌው ላይ ከባድ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመጣጠኛ ስታብላይዘር ወድቋል፤ አንደኛው ማዕዘኑ ደም ነክቶታል። ተክሉ ይባላል። የነገሳ ኤሌክትሮኒክስ የሰበታ ሱቅ የጥገና ባለሙያ ነበር።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ጃራ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ወደማታውቀው ክፍል ከመግባቷ በፊት በልቧ እስከ ሠላሳ መቁጠር ልማዷ ነው። በእነዚያ ሠላሳ ቁጥሮች ውስጥ ዓይኗ ሥራውን ይሠራል።

«ኢንስፔክተር፣ ጉዳዩ ያለቀለት ነው» አላት ሳጅን ዲሪባ ከኋላዋ። «ሴትዮዋ ውጭ ተቀምጣለች።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ድንቅቱ የምትባል የዓለም ገና መምህርት። ከዚህ ሱቅ ትንሽ ላፕቶፕ ገዝታ ‹አይሠራም› እያለች ሁለት ወር ተመላልሳለች። ትናንት በሰው ፊት ‹ወይ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ወይ ይሄ ሱቅ ይዘጋል› ብላለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ናት። ስንደርስ ላፕቶፑን አቅፋ ቁጭ ብላለች። አልለቅም አለች።»

«ላፕቶፑን ነው ሱቁን?»

«ሁለቱንም።»

ጣቢታ ሠላሳ ቆጥራ ገባች። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው።

«መብራት መቼ ሄደ?»

«ሰባት ተኩል ላይ። ሰበታ በሙሉ ጠፍቷል፣ እስካሁንም አልመጣም። የሱቁ ጄኔሬተር ደግሞ ነዳጅ የለውም።»

በክፍሉ ጀርባ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የብረት በር አለ። ተዘግቷል፤ መወርወሪያው ግን አልተቀረቀረም። የሟቹ በርጩማ ለጠረጴዛው ጀርባውን ሰጥቶ ወደተዘጋው በር ዞሯል። ብሎን የሚቀመጥባት ትንሽ የማግኔት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ባዶዋን ነች። ካቻቢቴው በርጩማው ሥር ወድቋል።

ጣቢታ ጓንት አጥልቃ ተንበረከከች። የሟቹ ቀኝ እጅ ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። መዳፉ ውስጥ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ጥቁር ብሎን አገኘች።

«ምን አገኘሽ?» አለ ዲሪባ።

«የአንድ ነገር ጉድለት» አለችና ብሎኗን በፕላስቲክ ከረጢት ከተተቻት።

ድንቅቱ ከሱቁ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ግድም ነው፤ ጥቁር ሹራብ ለብሳለች፤ ጉልበቷ ላይ ባለ አሥራ አንድ ኢንች ግራጫ ላፕቶፕ አለ። ዲሪባ የጻፈው የቃል መቀበያ ወረቀት ሳይፈረም ከጎኗ ተቀምጧል።

«አልፈርምም አለች» ሲል ዲሪባ ከሰሰ።

«ለምን?» ጣቢታ ጠየቀቻት።

«‹ችግር የሌለበትን ላፕቶፕ ተበላሸ በማለት› ብሎ ጽፏል። ይሰረዝ።»

«በነፍስ ግድያ ተጠርጥረሽ የሚያስጨንቅሽ ይሄ ነው?» አለ ዲሪባ።

«ሰው አልገደልኩም፤ እሱን ማጣራት የእናንተ ሥራ ነው። ላፕቶፑ ግን ተበላሽቷል። ይሄን እኔ አውቃለሁ።»

ጣቢታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምኑ ነው የተበላሸው?»

ድንቅቱ ጥያቄው እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ይመስላል ፊቷን አየቻት።

«ከኤሌክትሪክ ሲነቀል በአራት ደቂቃ ይጠፋል። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ሰባት ጊዜ በሰዓት ለክቻለሁ። የርቀት ትምህርት እየተማርኩ ነው፤ እኛ ሰፈር መብራት በሳምንት ሦስት ቀን የለም። በባትሪ እንድሠራ ነው የገዛሁት። ስነግራቸው ‹ቡራዩ ሂጂ› አሉኝ። ቡራዩ ‹የተሸጠበት ይመለከተዋል› አሉ። ‹ዋናው ጥገና ሱሉልታ ነው› ተብዬ ሱሉልታም ሄድኩ። አዲስ አበባን ዙሪያዋን ዞርኳት ማለት ነው። ስድስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። ስድስት ጊዜም ‹ተፈትሿል፣ ችግር የለበትም› የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ።»

«ተክሉስ?»

ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ያመነኝ እሱ ብቻ ነበር። ትናንት ስጮህ ወጥቶ ‹መምህርት፣ ነገ ጠዋት አምጪልኝ፣ እኔው አየዋለሁ› አለኝ። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አስረክቤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ተመለስኩ። ጠበቅኩ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ በሩ ላይ ያለችው ሬሐና ግቢ ስትለኝ ገባሁ፤ እንደዚያ ወድቆ አገኘሁት። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ፣ ሰባተኛው ‹ችግር የለበትም› በላዩ ተቀምጦ ነበር።»

«ሰው ሞቶ እያየሽ ላፕቶፑን ለምን አነሳሽ?»

«የእኔ ስለሆነ። ደግሞ እዚህ ቤት ትቼው የወጣሁት ዕቃ እንደነበረ ተመልሶልኝ አያውቅም።»

ጣቢታ እጇን ዘረጋች። «ለምርመራ ያስፈልገኛል።»

«ደረሰኝ።»

«ነገ ጽፌ እሰጥሻለሁ፤ ቃሌ ነው።»

«ቃልማ እነሱም ሰጥተውኛል።»

ዲሪባ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጣቢታ የእጅ ሰዓቷን ፈታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ደረሰኝሽን እስክትቀበይ ይሄን ያዢ።» ድንቅቱ ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መሥራቱን አረጋገጠች። ከዚያ ላፕቶፑን ሰጠች።

ጣቢታ ገልብጣ ከሥሩ አየችው። ከክዳኑ ብሎኖች አንደኛው ባለበት ቦታ ላይ «ከተቀደደ ዋስትና የለውም» የሚል ባለ ቁጥር የማሸጊያ ስቲከር ተለጥፏል። አልተቀደደም። በጠቋሚ ጣቷ ቀስ ብላ ነካችው። ስቲከሩ ወደ ውስጥ ጎበጠ።

ሬሐና ገንዘብ ተቀባይ ናት። መብራት ስለሌለ ከሰባት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ከውስጥ ምንም አልሰማሽም?»

«የጅማ መንገድ ዳር እኮ ነን፣ ኢንስፔክተር። አንድ ሲኖትራክ ካለፈ የራሴን ስልክ አልሰማም።»

«ከቦታሽ ተነስተሻል?»

«መምህርቷ ከመጣች በኋላ ለአሥር ደቂቃ ጎረቤት ፋርማሲ ሄጄ ነበር።»

ዲሪባ ይሄን በደንብ ጻፈው። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ድንቅቱ ሱቁ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

«ተክሉ ዛሬ ምን ሲል ነበር?»

«‹ይቺን ሴትዮ ዛሬ እገላግላታለሁ› ብሎ ሳቀ።» ሬሐና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ተጫዋች ነበር። የከፈተውን ማሽን ሁሉ ውስጡ ይፈርምበታል። ‹ሐኪም ካርድ ላይ ይጽፋል፣ እኔ ክዳኑ ላይ› ይል ነበር። ከኛ ሌላ የሚያውቅም የለም።»

«ኃላፊው ቢንያምስ ያውቃል?»

«ሁላችንም እናውቃለን።»

«መብራት ሲሄድ እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«የኋላውን በር ከፍቶ በርጩማውን ወደ ብርሃኑ ያዞራል። በረዶ ቢወርድም አይዘጋውም።»

ቢንያም የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ አንገቱ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ አንድ ቁልፍ አለ። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ሱቆች የሚመለስ ዕቃ በሙሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ጠረጴዛው በሱቁና በጥገና ክፍሉ መካከል በኮምፔልሳቶ ተከልሎ የቆመ ነው፤ በሩ ላይ ከተቀመጠ ሰው አይታይም። ገና ሳይጠየቅ ወረቀት አቀረበ።

«የዛሬው የፍተሻ ሪፖርት። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ራሴ ፈተሽኩት። በባትሪ አንድ ሰዓት ያለ ችግር ሠርቷል። ይኸው ፊርማዬ፣ ይኸው ማህተሙ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?»

«ሙሉ። ቪዲዮ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አያለሁ። አሠራራችን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ዘጠኝ ላይ ለደንበኛዋ እንዲመልስላት ለተክሉ ሰጠሁትና በኋላ በር ምሳ ወጣሁ። ያን ጊዜ ደህና ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ከዚያ በኋላ ማን ብቻዋን እንደነበረች እርስዎ ያውቃሉ።»

«ላፕቶፑ ዛሬ ተከፍቶ ነበር?»

«በፍጹም። ማሸጊያው ሲሸጥ የተለጠፈው ነው።»

«የስቲከሩ ጥቅል ማን ጋ ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ ከአንገቴ አይወርድም።» ቁልፉን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«የመምህርቷን ማመልከቻዎች አንብበሃቸዋል?»

«እያንዳንዱን። ሳላየው ማህተም የማደርግበት ወረቀት የለም።»

ከፋይሉ ስድስት ፖስታዎች አወጣ። እያንዳንዱ ላይ «ታይቷል» የሚል ሰማያዊ ማህተም አርፏል። ጣቢታ ተቀብላ በትናንሽ ጣቶቿ ገለባበጠቻቸው፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባቻቸው።

የሱቁ ባለቤት ኦቦ ነገሳ ሲመሽ ጣቢያ መጡ። ስድሳ ያለፋቸው ናቸው፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ቡራዩ ነበርኩ አሉ።

«የተክሉ ስልክ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ለእርስዎ እንደደወለ ያሳያል» አለች ጣቢታ።

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አዩ። «ዱጋ ነው፣ እውነትሽን ነው። ‹በስልክ የማልነግርዎት፣ በዓይንዎ የሚያዩት ነገር አለ› አለኝ። ስምንት ተኩል ላይ ደርሼ በጓሮ በኩል አንኳኳሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጋግሜ መታሁ፣ መልስ የለም። ተናድጄ ተመለስኩ።»

«ለምን ደበቁን?»

«ሰው ሞቶ፣ ‹በሩ ላይ ነበርኩ› ማለት ቀላል ነው እንዴ ልጄ?»

ከሄዱ በኋላ ዲሪባ ማስታወሻውን ዘጋ። «አለቃችን ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ትቅረብ ብለዋል።»

«ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ይሰብሰቡ» አለች ጣቢታ። «ላፕቶፑን ደግሞ ቻርጅ ላይ ሰካው፤ ሌሊቱን ይሙላ።»

ጠዋት መብራት ነበር። ኦቦ ነገሳ፣ ሬሐናና ቢንያም በባንኮኒው ዙሪያ ቆመዋል። ሌሊቱን ጣቢያ ያደረችው ድንቅቱ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባች። ፀጉሯን አበጥራለች፣ አንገቷን አልደፋችም።

«ጣቢያ አደርሽ አይደል?» አለ ቢንያም በቀስታ። «ሱቁ ግን አልተዘጋም።»

«ገና አራት ሰዓት ነው» አለችው።

ጣቢታ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አድርጋ በመብራት እንደተሰካ አበራችው። ቪዲዮ ከፈተች። ባትሪው መቶ በመቶ ይላል።

«መምህርት፣ ሰዓቴ እጅሽ ላይ ነው። ያዢልኝ።»

ቻርጀሩን ነቀለችው።

«ቢንያም ይሄ ማሽን ትናንት በባትሪ አንድ ሰዓት ሠርቷል ብሎ ፈርሟል። እየሠራ እናውራ። ትናንት መጀመሪያ የገረመኝ በርጩማው ነው። መብራት ከሌለ ተክሉ የኋላውን በር ከፍቶ ወደ ብርሃኑ ይዞራል። በርጩማው እንደዞረ ነው፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ጨለማ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያየውን በር አይዘጋም። የዘጋው ሌላ ሰው ነው። መቼ? ኦቦ ነገሳ ስምንት ተኩል ላይ ሲያንኳኩ ተቀርቅሮ ነበር። መምህርት ድንቅቱ የመጣችው ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ነው። ሬሐና በሩ ላይ ስለነበረች ይሄን ታውቃለች።»

«አውቃለሁ» አለች ሬሐና።

«አንድ ደቂቃ» አለች ድንቅቱ።

«ሁለተኛ፣ ይቺ ብሎን።» ጣቢታ ከረጢቱን አሳየች። «በሟቹ ጭብጥ ውስጥ ነበረች። ማሸጊያው ያለበትን ቦታ በጣቴ ስነካው ጎበጠ፤ ሥሩ ባዶ ነው። እዚያ መኖር የነበረባት ብሎን ይቺ ናት። ተክሉ ማሽኑን ከፍቶት ነበር። ሲመታ ብሎኗ በእጁ ነበረች። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው በሩን ቀርቅሮ፣ በደብዛዛ ብርሃን ክዳኑን ገጥሞ፣ ባዶው ቀዳዳ ላይ አዲስ ስቲከር ለጠፈ።»

«የድሮው ስቲከር ነው!» አለ ቢንያም። «አዲስ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?»

«ሁለት ደቂቃ» አለች ድንቅቱ።

ጣቢታ ስድስቱን ፖስታዎች ባንኮኒው ላይ ደረደረች። «ማስረጃው እዚህ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን አንብቤያለሁ ብለሃል። ስቀበልህ ግን ስድስቱም እንደታሸጉ ነበሩ፤ ትናንት ማታ በሳጅን ዲሪባ ፊት የቀደድኳቸው እኔ ነኝ። ማህተሙን ያደረግከው ፖስታው ላይ ነው። መምህርት ዕቃ ስትገዛ የማሸጊያውን ቁጥር ትመዘግባለች። ስድስቱም ላይ ጽፋዋለች፤ መጨረሻው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነው። አሁን ያለው ስምንት መቶ አራት ይላል። ዛሬ ጠዋት መሳቢያህን አስከፍተን ያየነው ጥቅል ስምንት መቶ አምስት ብሎ ይጀምራል። ቁልፉ ደግሞ ከአንገትህ አይወርድም።»

ኦቦ ነገሳ ወደ ቢንያም ዞሩ። ቢንያም ወደ እሳቸው አላየም።

«ሦስት ደቂቃ።»

«እኔ ስፈትሽ ነበር» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ሪፖርቱ አለ። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ማሽኑ በባትሪ አንድ ሰዓት ሙሉ…»

ቪዲዮው ውስጥ የሆነ ሰው ስለ ቡና ተክል ያስረዳል። ከውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ። ድንቅቱ ዓይኗን ከሰዓቱ አላነሳችም።

ስክሪኑ ጠፋ።

«አራት ደቂቃ ከስድስት ሴኮንድ» አለች። «አራት ብዬ ነበር።»

ቢንያም ከንፈሩን ላሰ። «እሺ። አልፈተሽኩትም። ሁልጊዜም አልፈትሽም፣ ሰው ሁሉ ተበላሸ ነው የሚለው። ጽፌ ማህተም አደርጋለሁ። ይሄ ስንፍና ነው፣ ነፍስ ማጥፋት አይደለም።»

«ሁልጊዜም?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ልክ ነው፣ ስንፍና ነው» አለች ጣቢታ። «ግን ካልፈተሽክ ያን አንድ ሰዓት የት ነበርክ? ምሳ ቤት እንዳትል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገባህ አስተናጋጁ ነግሮኛል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ የማይከራከረውን ነገር ምስክር አደረግከው፣ ማህተም ያለበትን ወረቀት። ከእነዚህ ፖስታዎች አንዱን ብቻ ከፍተህ ብታነብ ኖሮ የመጀመሪያው መስመር ላይ ‹በአራት ደቂቃ ይጠፋል› የሚለውን ታገኝ ነበር። ሌላ ውሸት ትመርጥ ነበር።»

ካቻቢቴ አወጣችና ስቲከሩን ላጠች። ባዶ ቀዳዳ ታየ። ከሟቹ እጅ የተገኘችውን ብሎን ጣል አደረገችበት፤ ልክ ገባች። ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ ፈታ ክዳኑን አነሳች። በውስጥ በኩል በነጭ ቀለም፣ በትናንሽ ፊደል ተጽፏል፦ «ተክሉ። ሱሉልታ። ኅዳር 2016።»

«ይሄን ላፕቶፕ መቼ ገዛሽው?»

«ጥር 2018። ‹አዲስ› ተብሎ፣ ከነካርቶኑ።»

«ተክሉ ትናንት ሲከፍተው የራሱን ፊርማ አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ሱሉልታ ሲሠራ የጠገነው አሮጌ ማሽን ነው። ኦቦ ነገሳ፣ ‹በዓይንዎ የሚያዩት ነገር አለ› ያለዎት ይሄን ነው። ከሦስቱ ሱቅ የተመለሰ ዕቃ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ስቲከር እየለጠፈ አዲስ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም።»

«ለኦቦ ነገሳ ደወልኩ አለኝ» አለ ቢንያም ለማንም ሳይሆን። «እየሳቀ ነው የነገረኝ። ‹ሴትዮዋ አሸነፈችህ› አለኝ። ስታብላይዘሩ እጄ አጠገብ ነበር።»

ዲሪባ ካቴናውን ከድንቅቱ አጠገብ ከቆመው ፖሊስ ተቀብሎ ወደ ቢንያም ሄደ። ሬሐና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

ኦቦ ነገሳ ከመደርደሪያው የታሸገ ካርቶን አውርደው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። «መምህርት፣ ይሄን ውሰጂ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ድንቅቱ ካርቶኑን አልነካችውም። «ኦቦ ነገሳ፣ አንቱን አልጠላሁም። ግን ስድስት ጊዜ ስመጣ አንዴ እንኳ ከውስጥ አልወጡም። ሰኞ እመለሳለሁ። በፊቴ ይከፈታል፣ ውስጡን አያለሁ። ያን ጊዜ ከወሰድኩ እወስዳለሁ።» ወደ ጥገናው ክፍል በር ተመለከተች። «ደግሞ የተክሉን ቤተሰብ ዛሬውኑ ሄደው ያናግሩ፤ ሰኞ አይጠብቁ።»

ጣቢታ ላፕቶፑን በኤግዚቢት ከረጢት አሸገችው።

«ይሄ ደግሞ እዚህ ይቆያል ማለት ነው» አለች ድንቅቱ።

«ችሎቱ እስኪያልቅ።»

«እንግዲያው ደረሰኜን።»

ጣቢታ የመረከቢያ ቅጹን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ጻፈች፦ አንድ ግራጫ ላፕቶፕ፣ ባለ አሥራ አንድ ኢንች። «የዕቃው ሁኔታ» የሚለው ቦታ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ሞላችው፦ «ከኤሌክትሪክ ሲነቀል በአራት ደቂቃ ከስድስት ሴኮንድ ይጠፋል። ተፈትሿል።» ፈረመችበት፣ ማህተም መታችበት።

ድንቅቱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች። እንደገና አነበበችው። በሁለት ወር ውስጥ ከተሰጧት ወረቀቶች ሁሉ የምታርመው ያጣችበት ይሄ ብቻ ነው። አጥፋ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ሰዓቱን ከእጇ ፈታ ባንኮኒው ላይ አኖረችና ወደ ጅማ መንገድ ወጣች።